ያንን መጨረሻ ለልጄ ንገርልኝ

ወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ትቼዋለሁ። መጀመሪያ በቴሌግራም ልጽፍልህ ነበር። ስምህን ስከፍት የመጨረሻው መልእክት የአንተ ነው። «ሲመችህ ደውልልኝ፣ ስለ ቀብሩ ንገረኝ» ይላል። አራት ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ሥር «ሰላም ነው?» ብዬ መጻፍ አቃተኝ። ይቅርታ አድርግልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሰበብ አልደረድርም። ስለ ቀብሩ እዚሁ እነግርሃለሁ። ግን ቆይ፣ መጀመሪያ ሌላ ነገር አለ። ከቅዳሜ ጀምሮ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር።

«ድራንክን ማስተር»፣ ያ ቪዲዮ ቤት ያየነው የጃኪ ቻን የኩንግ ፉ ፊልም፣ እንደዚያ አያልቅም።

የትኛውን መጨረሻ እንደምል ታውቃለህ። አባትየው ጃኪን ሊቆጣው ይመጣና እጁ መንገድ ላይ የሚቀርበትን። ከዚያ ቤት ገብተው በገዛ እጁ ሻይ የሚቀዳለትን። በነጋታው ኩንግ ፉ ያስተማረው ሽማግሌ ማንም ሳያየው ሲሄድ የመጠጥ ቅሉን በሩ ላይ ትቶለት የሚሄደውን። እኔ ይህን ሁሉ በዓይኔ ያየሁት ነው ብዬ ነው የኖርኩት። የሻዩ እንፋሎት ሳይቀር ትዝ ይለኛል። ቅዳሜ ከልጄ ጋር ቁጭ ብዬ ጠበቅኩት። ክፉው ሰውዬ ወደቀ። ምስሉ ቀጥ አለ። አለቀ። ሻይ የለም፣ ቅል የለም፣ ምንም የለም።

የተቆረጠ ቅጂ መስሎኝ ሌላ ፈለግኩ። ያው ነው። ሦስተኛ አየሁ። እሱም ያው። ከዚያ ሌሊት ተጋድሜ ጣሪያ ሳይ ገባኝ። ያንን መጨረሻ የሠራኸው አንተ ነህ! ባለቤቱ ካሴቱን ከዴኩ አውጥቶ ሌላ እስኪከት፣ ቲቪው ላይ ነጭ ነጠብጣብ እየዘነበ፣ አንተ አግዳሚው ላይ ቆመህ «ከዚያ በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ» ብለህ የነገርከን ነው። አምላኬ! እንግሊዝኛህ ያኔ ከ«ዚስ ኢዝ ኤ ፔን» አልፎ አያውቅም ነበር። እኛ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠረጠርንህም። ግማሹ ሰፈር ያየው ፊልም የሆንግ ኮንግ ሳይሆን የአንተ ነበር።

ነገሩ የመጣው በልጄ ነው። ትልቁ፣ አንተ ስትሄድ ጡት ያልጣለው። አሁን ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ሰሞኑን ውሹ፣ የቻይናውን ማርሻል አርት፣ ካላስመዘገብከኝ ብሎ ይዞኛል። «ከመመዝገብህ በፊት አንድ ነገር ላሳይህ» አልኩት። ተስተካክሎ ጥርት ያለውን ቅጂ አገኘሁ፤ እኛ እንዳየነው መስመር መስመር የሚለው አይደለም። ልቤ እንዴት ይመታ እንደነበር። የማከብረውን ሰው ቤቴ የጋበዝኩ ነው የመሰለኝ። ልጁ ቢንቀውስ?

አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጀመረኝ። «አባዬ፣ አፉ እየተንቀሳቀሰ ድምፁ ለምን አለቀ?»

እንግዲህ አስረዳ። እነዚያ ፊልሞች ሲቀረጹ ድምፅ አብሮ አይቀዳም ነበር። ንግግሩም፣ ጡጫውም፣ የእግር ኮቴውም በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ ነው የሚለጠፍባቸው። የእንግሊዝኛውን ድምፅ የሚሰጡት ደግሞ ሆንግ ኮንግ የሚኖሩ ጥቂት ፈረንጆች ነበሩ። አንዱ ሰው አባትም፣ ሌባም፣ ምግብ አቅራቢም ሆኖ ያወራል። የቻይንኛው አፍ ረጅም፣ የእንግሊዝኛው ዓረፍተ ነገር አጭር ሲሆንባቸው ቃሉን እንደ ማስቲካ ይስቡታል። አንተ በላዩ ላይ አማርኛህን ስትጨምርበት ሦስት ሰው በአንድ አፍ ሲናገር ነበር ለካ የምንሰማው።

«ሰውዬው ዞር ሲልስ ለምን ነፋስ ይነፍሳል?» እውነቱን ነው። እጅ ሲነሳ ሹው። አንገት ሲዞር ሹው። ሲኒ ሲነሳ ሹው። እኛ እኮ ከቪዲዮ ቤት ወጥተን ስንጣላ ድምፁን በአፋችን ነበር የምናወጣው። ያለ ድምፁ የተሰነዘረ ጡጫ አይቆጠርም ነበር። ትዝ ይልሃል አይደል?

ልጄ ምንም አላለፈም። ካሜራው ድንገት ፊታቸው ላይ ዘሎ ሲጠጋ «ኧረ!» ይላል። ሽማግሌው ሲገለባበጥ «ይሄ ሌላ ሰውዬ ነው፣ ዊጉ ይታያል» አለኝ። ልክ ነው፤ ለከባዱ ለከባዱ ሌላ ሰው ተክተውለታል። ሲደባደቡ የሚፈጥኑት ደግሞ ካሜራው ትንሽ ዘገም ብሎ ስለሚቀርጽ ነው፤ በተለመደው ፍጥነት ሲታይ ሰው ሁሉ ነፍስ ይዘራል። የሁለተኛው ፊልም ሙዚቃ ላይማ ምን ልበልህ። «ስኔክ ኢን ዘ ኢግልስ ሻዶው»፣ እባቡ የምንለው የጃኪ ፊልም፣ ታሪኩ የንጉሥ ዘመን ቻይና ነው፤ ሰው ሁሉ ፀጉሩን ከኋላ ጎንጉኗል። ከበስተጀርባ የሚሰማው ግን ዣን ሚሼል ዣር የሚባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1976 ያወጣው የሲንተሳይዘር ሙዚቃ ነው። ጠፈር ላይ እንደመንሳፈፍ ያለ። የራሳቸውን ሙዚቃ የሚያሠሩበት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ ካገኙበት ያነሱ ነበር።

ይህን ሁሉ ስሰማ ከልጄ ጋር አልተከራከርኩም። ጉድለቱ እውነት ነው። አንድ ቦታ ላይ ግን ዝም አለ።

ጃኪ እግሩ ከላይ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ባልዲ ውኃ አለ፤ ከላይ ደግሞ ሌላ ባዶ ዕቃ። በእጁ ሁለት ትንንሽ የሻይ ሲኒ ይዟል። ጎንበስ ብሎ ይጨልፋል፣ በሆዱ ጉልበት ቀና ብሎ ላይ ይገለብጣል። ደግሞ ይወርዳል። ደግሞ ይወጣል። ሽማግሌው እሱን ትቶ መጠጡን ይጠጣል። ዊግ የለም፣ ሌላ ሰው የለም። የሆዱ ጡንቻ ሲንቀጠቀጥ ይታያል። ልጄ ጠጋ አለኝ። «ይሄ የእውነት ነው?» አለኝ። «የእውነት ነው» አልኩት። እሑድ ጠዋት አልጋው ላይ እግሩን ሰቅሎ በእናቱ የቡና ሲኒ ሲሞክር ደረስኩበት። አንዱ ሲኒ ተሰብሯል። እኔ እንኳን ልቆጣው፣ ስብርባሪውን አብሬው ለቀምኩ።

አየህ፣ ሀብታቸው አካላቸው ነበር። ጃኪ፣ ሳሞ ሁንግ፣ ዩን ቢያው፣ ሦስቱም በልጅነታቸው አንድ የፔኪንግ ኦፔራ ትምህርት ቤት አብረው ያደጉ ናቸው። ሲገለበጡ፣ ሲዘፍኑ፣ ሲገረፉ ነው ያደጉት። ስለዚህ ካሜራውን ወደ ኋላ አርቀህ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ብትቀርጻቸው የሚደበቅ ነገር የላቸውም። አንድ አግዳሚ ወንበርና ሁለት የመመገቢያ እንጨት ስጣቸው፣ አሥር ደቂቃ ይሠሩበታል። ጃኪ «ፊርለስ ሃይና» በሚለው ፊልም ላይ እኮ በልቅሶ ነው የሚደባደበው! ሲያለቅስ አንድ ዓይነት፣ ሲስቅ ሌላ ዓይነት፣ ሲናደድ ሌላ ዓይነት አመታት አለው። ያንን ፊልም ጃኪ ራሱ ነው ያዘጋጀው፣ በ1979፤ የመጀመሪያው ነው። ገንዘብ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ነገር የሚያስብ አይመስለኝም።

ሌላም ነገር አሁን ነው የገባኝ። ብሩስ ሊ በ1973 በ32 ዓመቱ ሲሞት የሆንግ ኮንግ ፊልም ሠሪ ሁሉ ሌላ ብሩስ ሊ ፍለጋ ወጣ። ጃኪንም ፊቱን አስኮስትረው፣ ተበቃይ አድርገው ሞከሩት። አልሆነም። ከዚያ ለሌላ ኩባንያ አዋሱትና በ1978 በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለቱን ፊልሞች ሠራ፤ እባቡንና ሰካራሙን። እዚያ ላይ የሚፈራ፣ የሚሸሽ፣ ሲመታ እጁን የሚያራግብ ሰው ሆኖ መጣ። እኛ «አክተር አይሞትም» እያልን ነበር የምናየው። የጃኪ አክተር ግን አይሞትም እንጂ ያመዋል። የምወደው ለዚህ ነው። ቀልድ ብቻ መስሎህ እንደሆነ ደግሞ፣ እባቡ ፊልም ላይ የኮሪያው ህዋንግ ጃንግ ሊ በእርግጫ ጥርሱን አውልቆለታል።

ጃኪ ሰካራሙ ፊልም ላይ የሚጫወተው ዎንግ ፌይ ሁንግ የሚባለው ገጸ ባሕሪ ራሱ የእውነት ሰው ነበር፤ የተከበረ ሐኪምና የኩንግ ፉ መምህር። ከ1949 ጀምሮ ክዋን ታክ ሂንግ የሚባል ተዋናይ በደርዘን በሚቆጠሩ ፊልሞች ላይ እንደ ትልቅ አባት አድርጎ ነው የተጫወተው። እና እነዚህ ሰዎች መጥተው ያንን ታላቅ ሰው ከምግብ ቤት ሳይከፍል የሚበላ ጎረምሳ አደረጉት። አንድ ስመ ጥር የቅኔ መምህር አስብ። ፊልሙ ግን ገና የቆሎ ተማሪ ሳሉ ሲዋሹና ከመምህራቸው ሲኮበልሉ የሚያሳይ ቢሆንስ? ድፍረት ነው። ግን ፍቅር አለበት። ትልቅ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ባለጌ ልጅ እንደነበር ይናገራል።

የማልከላከልለትም አለ። እባቡ ፊልም ላይ ድመቷና ኮብራው ሲጣሉ የእውነት ነው። ልጄ «ይሄስ የእውነት ነው?» ሲለኝ የሲኒውን ጊዜ ያህል ደስ እያለኝ አልመለስኩለትም። ዘጋሁት። እኛ ያኔ አጨብጭበን ነበር። ጥርሱ የገጠጠ ወይም ጉንጩ ላይ ፀጉራም ኪንታሮት ያለው ሰው በወጣ ቁጥር ሳቅ የሚጠበቅበትም ነገር አለ፤ ያም አሁን አይዋጥልኝም። ሰካራሙ ፊልም ላይ ጃኪ ከስምንቱ ሰካራም አማልክት የድብድብ ስልት ስምንተኛዋን የሴት ናት ብሎ ሳይማራት የሚቀረውስ? መጨረሻ ላይ የሚያድነው ግን እሱ ራሱ ነው፤ ያልተማረውን ስምንተኛ በራሱ ፈጥሮ ያሸንፋል። አንተ ያኔ «ትምህርት የዘለለ ሰው ራሱ ይፈጥራል» ብለህ የተረጎምከውን አስታውሳለሁ። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ በፎረፍን ማግሥት ነበር።

አሁን ወደ ሽማግሌው ልመለስ። አፍንጫው ቀይ፣ ቅሉን ያነገተው። ስሙ ዩን ሲዩ ቲየን ነው። የተወለደው በ1912 ነው። ፊልሙን ሲሠራ 66 ዓመቱ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ በዚያው ሙያ ውስጥ ትንንሽ ቦታ ሲሠራ ኖሮ ሰው ሁሉ ያወቀው በ66 ዓመቱ ነው። ፊልሙ ወጣ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1979 መጀመሪያ ላይ ሞተ። ዳይሬክተሩን ታውቀዋለህ፣ ዩን ዎ ፒንግ። በኋላ «ዘ ማትሪክስ» ላይ ጠቡን ያስተማራቸው። ልጁ ነው። የዚያ ሽማግሌ ልጅ ነው!

ይህን ካነበብኩ በኋላ ፊልሙን ብቻዬን ደግሜ አየሁት። ከካሜራው ኋላ ልጅ ቆሟል። ከፊቱ አባቱ ሰክሮ ይወላገዳል። ዊጉ ታየ፣ ድምፁ ተዛነፈ፣ ለእኔ ምንም አልመሰለኝም። አንድ ልጅ አባቱን ትልቅ ሰው አድርጎ ሲቀርጽ ነው ያየሁት። በጊዜው ደረሰ።

እና አባትህ ትዝ አሉኝ።

እሺ። ስለ ቀብሩ። ብዙ ሰው ነበር። ዕድሩ አንድም አልቀረ። ዝናብ አልዘነበም፤ ያንን ፈርታችሁ ነበርና። እናትህን ሴቶቹ ደግፈው ይዘዋት ነበር፣ አልወደቀችም። ፎቶውን የሚይዝ ሰው ሲፈለግ አጎትህ አየኝና «አንተ ያዝ» አለኝ። ያዝኩ። ልጅ በሚቆምበት ቦታ ላይ ቆምኩ። ሰው ሁሉ መጥቶ «እግዚአብሔር ያጽናህ» እያለ እኔን ጨበጠኝ። አንተ ወረቀትህ ሳያልቅልህ መምጣት አቅቶህ ሲያትል ውስጥ እያለቀስክ፣ የአንተን ቦታ ይዤ የቆምኩት እኔ ነኝ። ያንን በስልክ እንዴት እንደምነግርህ አላወቅኩም። ነገ እደውላለሁ አልኩ። ሠልስት አለፈ። አርባ ወጣ። ከዚያ በኋላ መደወሉ ራሱ አሳፈረኝ።

ግን ያልነገርኩህ ትልቁ ነገር ይህም አይደለም። ቆይ፣ እንዴት ልጀምርልህ።

ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ብርቱካን ይዤ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ደከም ብለዋል፣ ግን ጨዋታ አላቸው። ስለ አንተ እናወራለን። ድንገት «ያ ቪዲዮ ቤት አሁን ምን ሆነ?» አሉኝ። «ፈርሷል ጋሼ፣ ፎቅ ተሠርቶበታል» አልኳቸው። ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ያችን ቀን አነሷት። ቀበቷቸውን ጠቅልለው ይዘው የመጡባትን። አግዳሚው ላይ ቆመህ ስታወራ መጋረጃው ተገልጦ የገቡባትን። ከመካከላችን የሮጠ ሁሉ ያስታውሳታል።

«ከውጭ ነበርኩ» አሉኝ። «ልገባ ስል ድምፁን ሰማሁት። አባትና ልጅ ታረቁ እያለ ይናገራል። ሻይ ቀዳለት ይላል። ቆርቆሮውን ተደግፌ ቆሜ ታሪኩ እስኪያልቅ ጠበቅሁት።» ከዚያ ሳቁ። ሳልም ያዛቸው፣ ውኃ አቀበልኳቸው። «ቀበቶውን ይዤ ስለነበር ግን ሳልገባ መቅረት አልሆነልኝም» አሉ። ወንድሜ፣ ያን ቀን አንድ ጊዜ ብቻ መትተውህ ወደ ቤት እንደወሰዱህ ታስታውሳለህ? እኛ «ደክሟቸው ነው» ብለን ነበር።

እኔ ያኔ ስሰማቸው የፊልሙን ታሪክ የሚያወሩ መስሎኝ ነበር። ፊልሙ ላይ እንደዚያ ያለ ነገር እንደሌለ ያወቅኩት ባለፈው ቅዳሜ ነው። የሰሙት አንተን ነው። ይህን አራት ዓመት ሙሉ ይዤብህ ተቀምጫለሁ። የአንተ ነበር፣ በማግሥቱ ልሰጥህ ይገባ ነበር።

ሌላ አልጨምርበትም።

ስለ እኔ ልትጠይቅ ነው፤ ደህና ነን። ሥራው ያው ነው። ሁለተኛ ልጅ ወልደናል፣ ሴት ናት፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቋ። ኑሮ ተወዷል፣ እሱን ትሰማለህ። እናትህን በበዓል በበዓል እጠይቃታለሁ፤ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ደህና ናት። ብሩስ ሊ የተቀበረው እዚያው አንተ ያለህበት ነው፣ ሌክ ቪው፣ ከልጁ ከብራንደን ጎን። ስትደርስ ሄጄ ፎቶ አነሳልሃለሁ ብለኸኝ ነበር። ሄድክ?

አሁን የምለምንህ ነገር አለ። ቅዳሜ ፊልሙ እንዳለቀ ልጄ ወደ እኔ ዞሮ «አባቱስ? ይቅር አለው?» አለኝ። ልነግረው ጀመርኩ። ሻዩ ጋ ስደርስ ቆምኩ። የአንተን ያህል አላውቅበትም። ምኑ ከምኑ እንደሚቀጥል ጠፋብኝ። ሽማግሌው ሲሄድ ውሻ ጮኾ ነበር ወይስ ዶሮ? ቅሉ ውስጥ ትንሽ መጠጥ ቀርቶ ነበር አይደል? «የሚያውቀው ሰው አለ፣ አስነግርሃለሁ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ በየማታው «ሰውዬው ነገረህ?» ይለኛል።

በድምፅ ቅዳና በቴሌግራም ላክልኝ። እንደዚያው፣ ቆመህ እንደምትናገረው አድርገህ። አርብ ማታ እናንተ ጋ ከሥራ ስትገባ ብትልክልኝ እኛ ጋ ቅዳሜ ጠዋት ይሆናል፣ ትምህርት የለውም። እኔም አብሬው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ቢረዝም ግድ የለም። እኔን መቆጣት ከፈለግክ እሱን ለብቻው ቅዳው፤ ሙሉውን እሰማዋለሁ።

ሻዩን የሚቀዳው አባትየው መሆኑን እንዳትረሳ።

ወንድምህ